የጠባይ መመርመሪያ ፈተናና የነጋዴው ሚዛን

ንግድ በገንዘብና በዕቃ ብቻ የሚቆም ሥራ አይደለም። ዕቃውን የሚጠብቅ፣ ገንዘቡን የሚቀበል፣ መዝገቡን የሚጽፍ፣ በዱቤም ወስዶ በቀጠሮው የሚከፍል ሰው ያስፈልገዋል። ዕቃ ቢበላሽ በዓይን ይታያል፤ ሚዛን ቢዛባ ይታረማል፤ የሰው ጠባይ ግን በዓይን አይታይም፣ በእጅም አይዳሰስም። ስለዚህ ትልቁም ነጋዴ ትንሹም ባለሱቅ «ይህን ሰው ልመነው ወይስ ልተወው?» የሚለውን ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚውልበት ቀን የለም።

ይህ ጥያቄ እንደ ሱሉልታ፣ እንደ ሰበታና እንደ ቡራዩ ባሉት በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙት ከተሞች ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል። ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ የምትገኘው ሱሉልታ ቀድሞ የምትታወቀው በሣር ድርቆሿና በወተቷ ነበር። ዛሬ ግን የምንጭ ውሃ ማሸጊያ ፋብሪካዎች፣ የዕቃ መጋዘኖችና ልዩ ልዩ ሱቆች በርክተውባታል፤ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በሸገር ከተማ አስተዳደር ውስጥም ከሰበታና ከቡራዩ ጋር ተጠቃልላለች። የቀድሞው ባለሱቅ የሚቀጥረውን ልጅ ከነአባቱ ከነአያቱ ያውቀው ነበር። የዛሬው ግን ከልዩ ልዩ አገር ከመጡ፣ ትናንት ፈጽሞ አይቷቸው ከማያውቅ አመልካቾች መካከል አንዱን መምረጥ ግድ ሆኖበታል።

ከዚህም የተነሣ የጠባይ መመርመሪያ ፈተና የሚባለው ነገር ወደ ንግዱ ዓለም እየገባ ነው። አንዳንዱ በስልክ አማካይነት ያገኘዋል፤ ሌላው ከሥልጠና አዳራሽ ይዞት ይመጣል። ፈተናው ሰውን ጥቂት ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ «አንተ እንዲህ ካለው ዓይነት ሰው ወገን ነህ» ብሎ ይመድበዋል። ታዲያ ነጋዴው በዚህ ምደባ ተማምኖ ገንዘብ ያዥ ሊቀጥርበት ወይም ዱቤ ሊሰጥበት ይገባልን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፈተናው ከየት እንደ መጣ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚገልጽና ምን እንደማይገልጽ ለነጋዴው ክፍል በአጭሩ ማስረዳት ነው።

ጠባይን የመመርመር ፍላጎት በአገራችን

የሰውን ጠባይ አስቀድሞ ለማወቅ መፈለግ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን አውደ ነገሥት የሚባለውን መጽሐፍ የሚያውቁ ሰዎች የአንድን ሰው ስምና የእናቱን ስም ፊደላት በቍጥር ይተምኑና ድምሩን በ12 ይገድፉታል፤ ከዚያ በኋላ በተረፈው ቍጥር ኮከቡ ሐመል ነው፣ ሠውር ነው፣ ወይም ሚዛን ነው ይላሉ። እያንዳንዱም ኮከብ የራሱ ጠባይ፣ የሚስማማው የሥራ ዓይነትና የሚስማማው ባልንጀራ እንዳለው ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ ሰውን በ12 ወገን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ጠባይ መስጠት ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ነጋዴው ግን በኮከብ ብቻ ተማምኖ አልኖረም። ዋስ ጠርቷል፤ ሽማግሌ ጠይቋል፤ የእቁብ ጓደኛን ምስክርነት ሰምቷል። ዋስ የሰውየውን ልብ አይመረምርም፤ ነገር ግን የሚያውቀው ሰው ስለ እርሱ ንብረቱን ለማስያዝ መድፈሩ ራሱ ትልቅ ማስረጃ ነው። እቁብም እንዲሁ ነው። በየሳምንቱ ሳያጓድል የሚጥል፣ ዕጣው ከወጣለት በኋላም እስከ መጨረሻው መጣሉን የማይተው ሰው ጠባዩን በቃል ሳይሆን በሥራ አስመስክሯል። ይህን ልዩነት፣ ማለትም ሰው ስለ ራሱ የሚለውንና ሰው የሚሠራውን፣ አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንለምናለን፤ ቀጥሎ የምንናገረው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነውና።

ፈተናው ከየት መጣ?

በጽሑፍ የሚሰጥ የጠባይ ፈተና በስፋት መታሰብ የጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሮበርት ውድዎርዝ በጦርነት ድንጋጤ መንፈሳቸው ሊታወክ የሚችሉትን ወታደሮች አስቀድሞ ለመለየት በማሰብ «አዎን» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚመለስ የጥያቄ ዝርዝር አዘጋጀ። ጦርነቱ በማለቁ ፈተናው ለታሰበለት ሥራ ብዙም ሳይውል ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ለመጡት የጠባይ ፈተናዎች ግን አርአያ ሆነ።

በ1921 እ.ኤ.አ. ደግሞ የስዊስ ሐኪም የነበረው ካርል ዩንግ ስለ ሰው ጠባይ ዓይነቶች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ዩንግ አንዳንዱ ሰው ኃይሉን ከሰዎችና ከውጭው ዓለም እንደሚያገኝ፣ ሌላው ግን ወደ ውስጡ ተመልሶ በራሱ ሐሳብ እንደሚበረታ ተናገረ። አሜሪካዊቷ ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ ይህን የዩንግን ሐሳብ ይዘው ማንም ሊሞላው የሚችል ፈተና አደረጉት። ልጅቱ ሥራውን አጥብቃ የያዘችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሲሆን፣ ፈተናው በአሜሪካ በአንድ የታወቀ የፈተና ድርጅት የታተመው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። እናትና ልጅ በትምህርት ቤት የሠለጠኑ የሥነ ልቡና ባለሙያዎች አልነበሩም። ይሁን እንጂ ፈተናቸው በስማቸው «ማየርስ ብሪግስ» ተብሎ በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት የጠባይ ፈተናዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

የፈተናው አሠራር ቀላል ነው። ሰውን በአራት ጥያቄ ይከፍለዋል። አንደኛ፣ ሰውየው ወደ ውጭ ወይስ ወደ ውስጥ ያዘነብላል? ሁለተኛ፣ በሚታይና በሚዳሰስ ነገር ላይ ወይስ በጠቅላላ ሐሳብና በግምት ላይ ይመረኮዛል? ሦስተኛ፣ ሲወስን በምክንያት ወይስ በስሜት ይመራል? አራተኛ፣ ነገርን ቶሎ ወስኖ መዝጋት ወይስ ክፍት ትቶ መቆየት ይወዳል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ወገን ስላለ፣ ሁለት በሁለት አራት ጊዜ ሲባዛ 16 የሰው ዓይነት ይወጣል። ተፈታኙም ከ16ቱ በአንዱ ይመደባል፤ ለዚያም ዓይነት የተጻፈው መግለጫ ይነበብለታል።

መግለጫው እውነት የሚመስለን ስለ ምንድን ነው?

ፈተናውን ከወሰዱት ብዙዎቹ መግለጫውን ባነበቡ ጊዜ «ልክ እኔን ነው!» ይላሉ። ይህ አድናቆት ግን የፈተናውን እውነተኛነት አያረጋግጥም። በ1948 እ.ኤ.አ. በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ ፈተና ሰጣቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ለእያንዳንዳቸው የየግላቸው ውጤት ነው ብሎ አንዳንድ ወረቀት አደላቸውና መግለጫው ከጠባያቸው ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቃቸው። የሰጡት ነጥብ በአማካይ 4.26 ሆነ። ከዚያ በኋላ ወረቀቶቹን ሲያስተያዩ ለሁሉም የታደለው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሆኖ ተገኘ! መምህሩም ጽሑፉን የለቃቀመው በየመንገዱ ከሚሸጥ የኮከብ ቈጠራ መጽሐፍ ነበር።

የዚህ ምሥጢር ግልጽ ነው። «ለወዳጅ ልብህ ሩኅሩኅ ነው፤ የበደለህን ግን ቶሎ አትረሳም» ቢባል ይህ የማይስማማው ሰው ማን ነው? ለሁሉ የሚሆን ቃል ለእያንዳንዱ ለብቻው የተነገረ ሲመስለው ደስ ይለዋል፤ የሚያመሰግን ቃል ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ያምነዋል። ኮከብ የሚቈጥረውም፣ መዳፍ የሚያነበውም፣ በስልክ የሚመጣውም የጠባይ ፈተና ከዚህ ምንጭ ይቀዳል። ስለዚህ ነጋዴው «ፈተናው ስለ እኔ እውነት ተናገረ» የሚለውን ስሜት እንደ ማስረጃ ሊቈጥረው አይገባም።

የፈተናው ሦስት ጉድለቶች

የመጀመሪያው ጉድለት ሰውን በዓይነት የመክፈሉ ነገር ነው። አንድ የእህል ነጋዴ ከ50 ኪሎ በታች የሆነውን ጆንያ ሁሉ «ቀላል»፣ ከ50 ኪሎ በላይ የሆነውን ሁሉ «ከባድ» ብሎ ቢመዘግብ ምን ይሆናል? 49 ኪሎና 51 ኪሎ የሚመዝኑት ሁለት ጆንያዎች በተግባር አንድ ሆነው ሳሉ በመዝገቡ ላይ ይለያያሉ። 51 ኪሎና 100 ኪሎ የሚመዝኑት ግን እጅግ ተለያይተው ሳሉ በአንድ ስም ይጠራሉ። እንዲህ ባለው መዝገብ የሚነግድ ሰው አይገኝም። የሰውም ጠባይ እንደ ቁመቱ ነው፤ ጥቂቱ እጅግ ረጅም፣ ጥቂቱ እጅግ አጭር፣ የሚበዛው ግን መካከለኛ ነው። መካከለኛውን ሕዝብ በግድ ለሁለት መክፈል ሚዛኑን ማጉደል ይሆናል።

ከዚህም የተነሣ በመካከል ያለው ሰው ዛሬ አንድ ጥያቄ በሌላ መንገድ ቢመልስ ዓይነቱ ይለወጣል። ፈተናውን የመረመሩ ሊቃውንት እንደ ገለጹት፣ ሰዎች ከአምስት ሳምንት በኋላ እንደገና ሲፈተኑ እስከ ግማሽ የሚደርሱት ከ16ቱ በሌላ ዓይነት ሊመደቡ ይችላሉ። በአምስት ሳምንት ውስጥ የሚለዋወጥ ምደባ ለብዙ ዓመት የሚቀጠርን ሰው ለመምረጥ አይበቃም።

ሁለተኛው ጉድለት መልሱን የሚሰጠው ራሱ ተፈታኙ መሆኑ ነው። ለገንዘብ ያዥነት የሚያመለክት ሰው «የሰው ገንዘብ ያጓጓሃልን?» ተብሎ ቢጠየቅ «አዎን» ብሎ የሚመልስ አይደለም። ሥራ ፈላጊ አሠሪው ሊሰማ የሚወደውን ገምቶ ይመልሳል። ይህንም ስላደረገ አታላይ ነው አይባልም፤ እንጀራው ያለው በመልሱ ላይ ነውና። ፈተናውን የሚያሳትመው የማየርስ ብሪግስ ድርጅት ራሱ ፈተናው ሠራተኛ ለመምረጥ ወይም ላለመቀበል ሊያገለግል እንደማይገባ ይናገራል። ሻጩ ራሱ «ለዚህ አይሆንም» ያለውን ዕቃ ገዝቶ ለዚያው ማዋል ምን ዓይነት ብልሃት ነው?

ሦስተኛው ጉድለት የቋንቋና የልማድ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በ23 አነስተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ94,000 በላይ ከሆኑ ሰዎች የተሰበሰቡትን የጠባይ ጥያቄዎች መርምሮ፣ ጠያቂ ፊት ለፊት ተቀምጦ በሚጠይቅበት ጊዜ ጥያቄዎቹ ብዙውን ጊዜ እንዲለኩ የታሰበውን ጠባይ በደንብ እንደማይለኩ አረጋግጧል። ከምክንያቶቹም አንዱ የሚጠየቀው ሰው ለቀረበለት አሳብ ሁሉ ወደ መስማማት ማዘንበሉ ነው። ይህ ለእኛ በቀላሉ የሚገባ ነገር ነው። ታላቅን ወይም እንግዳን ፊት ለፊት መቃወም ነውር በሆነበት አገር «እሺ» የሚለው ቃል ዘወትር ስምምነት አይደለም፤ አክብሮት ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥያቄ ወደ አማርኛ ወይም ወደ ኦሮምኛ ተተርጕሞ በአገሩ ሰው ዘንድ ሳይፈተን እንዲሁ ቢሰጥ፣ የሚለካው ጠባይን ሳይሆን ይሉኝታን ሊሆን ይችላል።

የተሻለው መለኪያ

ይህን ስንል የሰው ጠባይ ፈጽሞ ሊለካ አይችልም ማለታችን አይደለም። የዘመኑ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ሰውን በዓይነት መክፈሉን ትተው በአምስት መስመር ላይ ይለኩታል። እነዚህም ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ትጋትና ጥንቃቄ፣ ተግባቢነት፣ ለሌላው ማዘንና መስማማት፣ ቶሎ መሥጋትና መረበሽ ናቸው። ሰው በእያንዳንዱ መስመር ላይ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ይነገረዋል እንጂ «የዚህ ወገን ነህ» አይባልም።

በ1991 እ.ኤ.አ. ባሪክና ማውንት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 117 ጥናቶችን አሰባስበው እነዚህ አምስት ጠባዮች ከሥራ ውጤት ጋር ያላቸውን ግንኙነት መረመሩ። በመረመሯቸው የሥራ ዓይነቶች ሁሉ ከመልካም ሥራ ጋር ተያይዞ የተገኘው ትጋትና ጥንቃቄ ነው፤ ተግባቢነት ደግሞ በተለይ ለሻጮችና ለሥራ መሪዎች የሚጠቅም ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ለባለሱቅ ትርጕም አለው። ሣቂታና ተጫዋች የሆነ ልጅ በባንኮኒ ላይ ደንበኛ ሊያመጣ ይችላል፤ በመጋዘኑና በመዝገቡ ላይ የሚፈለገው ግን በሰዓቱ የሚመጣው፣ የቈጠረውን ደግሞ የሚቈጥረው ሰው ነው። ሆኖም የግንኙነቱ ብርታት መጠነኛ ነው፤ ትጉህ ተብሎ የተለካው ሁሉ መልካም ሠራተኛ ይሆናል ማለት አይደለም። እንደ አንድ ምስክር ይሰማል እንጂ ዳኛ ሆኖ አይፈርድም።

በአገራችን የታዩ ሁለት ምሳሌዎች

የመጀመሪያው ምሳሌ ብድርን የሚመለከት ነው። እንደሚታወቀው ሁሉ በአገራችን ለመበደር ቤት ወይም ሌላ ንብረት ማስያዝ ያስፈልጋል። በዚህም ምክንያት ንብረቱ በስማቸው ያልተመዘገበ ብዙ ሴት ነጋዴዎች፣ ሥራቸው ትርፋማ ሆኖ ሳለ፣ ከብድር ውጭ ሆነው ቆይተዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ባንክ ጋር ሆኖ የሴቶች ነጋዴዎችን ሥራ ለማሳደግ ባቋቋመው ፕሮጀክት ውስጥ አንድ አዲስ አሠራር ተሞከረ። ይኸውም ከማስያዣ ይልቅ የተበዳሪውን ጠባይ፣ የማሰብ ችሎታና ስለ ንግድ ያለውን አመለካከት በሚለካ ፈተና ማበደር ነው። ሙከራው የተደረገው በጊዜው በአገሪቱ ትልቁ የአነስተኛ ብድር ድርጅት በነበረው በአማራ ብድርና ቍጠባ ተቋም ነው፤ ይህም ተቋም በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ ሆኗል። የዓለም ባንክ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ እንደ ተገለጸው፣ በፈተናው ከፍተኛ ውጤት ያገኙት ደንበኞች ዝቅተኛ ውጤት ካገኙት ይልቅ ብድራቸውን የመክፈላቸው ዕድል ሰባት ጊዜ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ ምሳሌ ቀድሞ ከተናገርነው ጋር የሚቃረን ይመስላል፤ ነገር ግን አይቃረንም። ይህ ፈተና ሰውን በ16 ዓይነት ከፍሎ መግለጫ የሚያነብ አልነበረም። ለአንድ ለተወሰነ ጉዳይ፣ ማለትም ብድርን ለመመለስ፣ የተዘጋጀ ነው፤ ውጤቱም ከእውነተኛው የክፍያ መዝገብ ጋር ተመሳክሯል። አንድ ፈተና እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ፈተናው አስቀድሞ የተናገረውና በኋላ በመዝገብ የታየው ሲገጣጠሙ ሚዛኑ ትክክል ነው፤ ካልተገጣጠሙ ግን መግለጫው የቱንም ያህል ቢያምር ሚዛኑ የተዛባ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ሥራ ፍለጋን የሚመለከት ነው። አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ከመሐል ከተማ ርቀው የሚኖሩ 3,000 ያህል ወጣቶችን ተከታትሎ ነበር። ከእነርሱ ለአንዳንዶቹ የመጓጓዣ ገንዘብ ተሰጣቸው። ለሌሎቹ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የማመልከቻ አጻጻፍና ለቃል ጥያቄ የመዘጋጀት ትምህርት ሰጥቶ፣ በሒሳብ፣ በአማርኛ ቋንቋ፣ በማሰብ ችሎታና በተግባር ሥራ ፈተናቸው፤ ውጤታቸውንም በምስክር ወረቀት አረጋገጠላቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ የመጓጓዣው ርዳታ ያመጣው ለውጥ ጠፍቶ ነበር። የምስክር ወረቀቱን ያገኙት ግን ገቢያቸው ካላገኙት በ20 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ።

የጥናቱ ትምህርት ለሱሉልታ፣ ለሰበታና ለቡራዩ አሠሪዎች ቅርብ ነው። እነዚያ ወጣቶች ችሎታ አልጐደላቸውም፤ የጐደላቸው ችሎታቸውን ለማያውቃቸው አሠሪ የሚያሳዩበት ማስረጃ ነበር። አሠሪውም በዕውቂያ ብቻ ሲቀጥር ያጣው የእነርሱን መልካም ሥራ ነው። የተለካውም «ወደ ውስጥ ወይስ ወደ ውጭ ያዘነብላሉ» የሚለው አልነበረም፤ ቍጥር መደመር፣ ጽሑፍ መረዳትና የተሰጣቸውን ሥራ ማከናወን መቻላቸው ነበር።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

ከዚህ በላይ ከተነገረው በመነሣት ለነጋዴው ክፍል የሚከተሉትን ምክሮች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ሠራተኛ ከመፈለግ በፊት ሥራው የሚጠይቀውን ነገር በጽሑፍ መዘርዘር ይገባል። ለመጋዘን ጠባቂ የሚፈለገው ጠባይና ለሻጭ የሚፈለገው አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ አመልካቹን ስለ ራሱ ከመጠየቅ ይልቅ ሥራውን አሠርቶ ማየት ይበልጣል። ለገንዘብ ያዥነት የሚመጣው የተደባለቀ ብርና ሳንቲም ይቍጠር፤ የቀኑን ደረሰኝ ከገንዘቡ ጋር ያስተያይ። ለመዝገብ ጸሐፊነት የሚመጣው አንድ የዕቃ መረካከቢያ ሰነድ ተሰጥቶት ወደ መዝገብ ያስገባ። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሙከራ ከብዙ ገጽ መጠይቅ የበለጠ ይናገራል።

ሦስተኛ፣ የቃል ጥያቄ ሲደረግ ለሁሉም አመልካቾች አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይቅረብ፤ ነጥቡም ወዲያው ይጻፍ። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ምርመራ ልዩ ልዩ የመምረጫ መንገዶችን አነጻጽሮ የወደፊቱን የሥራ ውጤት በመገመት ረገድ በአንደኛነት ያስቀመጠው እንዲህ ያለውን ሥርዓት የያዘ ጥያቄ ነው። እንደ ልብ የሚደረግ ጨዋታ ግን መልከ መልካሙንና አንደበተ ርቱዑን ያስመርጣል።

አራተኛ፣ ሕጉ የሰጠውን የሙከራ ጊዜ በሚገባ መጠቀም ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 በአንቀጽ 11 እንደሚደነግገው፣ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ሆኖ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። 60 የሥራ ቀን ከማንኛውም መጠይቅ የበለጠ የጠባይ ፈተና ነው፤ ሰው ለአንድ ሰዓት ያልሆነውን መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ለሁለት ወር ግን ይቸግረዋል። ይሁን እንጂ አሠሪው ያየውን በየሳምንቱ ካልመዘገበ የሙከራው ጊዜ እንዲሁ ያልፍበታል።

አምስተኛ፣ ስለ ዱቤ የሆነ እንደሆነ፣ የባለሱቁ የዱቤ መዝገብ ራሱ መልካም የጠባይ መለኪያ ነው። አዲስ ደንበኛ በትንሽ ይጀመርለት፤ የወሰደበትና የከፈለበት ቀን ይጻፍ፤ በቀጠሮው ሲከፍል መጠኑ ይጨመርለት። ከስድስት ወር በኋላ የሰውየው ጠባይ በባለሱቁ እጅ ተጽፎ ይገኛል።

ስድስተኛ፣ ጠባይ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን ሥርዓትን አይተካም። ገንዘብ የሚቀበለውና መዝገብ የሚጽፈው ሰው አንድ አይሁን፤ ዕቃ በድንገት ይቈጠር። አስመጪዎችና ላኪዎች ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። የአዲስ አበባው አስመጪ የውጭ አገሩን ሻጭ መልኩን እንኳ ሳያይ በሚሊዮን የሚቈጠር ዕቃ የሚገዛው የሻጩን ጠባይ መርምሮ አይደለም፤ ባንክ በመካከል ሆኖ ሰነዱ ሲሟላ ገንዘቡ የሚከፈልበት ሥርዓት ስላለ ነው። መልካም ሥርዓት ታማኙን ከሐሜት፣ ደካማውንም ከፈተና ይጠብቃል።

ሰባተኛ፣ የጠባይ ፈተና መስጠት ግድ ቢሆን ሠራተኞች እርስ በርሳቸው እንዲተዋወቁ፣ አለቃውም ማንን እንዴት እንደሚያነጋግር እንዲያስብ ለጨዋታ መክፈቻ ይዋል እንጂ ለመቅጠር፣ ለማሳደግ ወይም ለማሰናበት አይዋል። ሠራተኛው የሰጠው መልስም የግል ምሥጢሩ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን የግል መረጃ እንደ ተራ ወረቀት በየጠረጴዛው መበተን በሕግም የሚያስጠይቅ ሆኗል።

ጠባይ ይሻሻላል

በመጨረሻም አንድ ነገር ማከል ያስፈልጋል። ሰውን በዓይነት መመደብ የሚያስከትለው ትልቁ ጉዳት «እርሱ እንዲህ ነው፤ አይለወጥም» የማሰኘቱ ነው። በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ በ1,500 ትናንሽ ነጋዴዎች ላይ የተደረገና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከዚህ የተለየ ነገር አሳይቷል። ነጋዴዎቹ በሦስት ወገን ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን የተለመደውን የሒሳብና የንግድ አያያዝ ትምህርት፣ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ራስን የማንቀሳቀስን ጠባይ፣ ማለትም ሳይታዘዙ መጀመርን፣ አስቀድሞ ማሰብንና መሰናክል ሲገጥም አለመተውን ተማረ፤ ሦስተኛው ግን ምንም አልተማረም። ምንም ካልተማሩት ጋር ሲነጻጸር፣ ሁለተኛው ትምህርት የነጋዴዎቹን ትርፍ በ30 በመቶ ሲያሳድገው፣ የተለመደው ትምህርት ያመጣው ጭማሪ ግን 11 በመቶ ያህል ሆኖ፣ በርግጥ ከትምህርቱ የመጣ ለመሆኑም ጥናቱ ሊያረጋግጥ አልቻለም። እንግዲህ ለንግድ የሚያስፈልገው ጠባይ ከእናት ማሕፀን ብቻ የሚወጣ አይደለም፤ ይማሩታል፣ ይለምዱታልም።

አበው «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ይላሉ። ነጋዴ ግን በዚህ ምሳሌ ሊኖር አይችልም፤ ሰው ሳያምን የሚነግድ የለምና። ሆኖም ማንንም ሳይመዝን ማመን ኪሳራ ነው፤ በተዛባ ሚዛን መዝኖ መተው ደግሞ በደል ነው። ዛሬ በር ላይ ቆሞ ሥራ የሚጠይቀው ወጣት፣ ማስያዣ አጥታ ብድር የምትጠይቀው ባለጉልት ከስልክ በወጣ ስም ሳይሆን በሚታይ ሥራቸው ሊመዘኑ ይገባቸዋል። የሰው ዓይነቱ ሥራው ነው፤ ነጋዴውም የሚመዝንበትን ሚዛን አስቀድሞ ያስተካክል።